የእንጀራ ቤቱ ጭስ ወዴት ይሄዳል? የደሴ አንድ የጉዳይ ጥናት

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቴ ደሴ። ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የምሠራው የኮምፒውተር ግራፊክስ ነው። በተለይ የአየርና የውሃን ፍሰት አስልቶ በሦስት ገጽታ በስዕል ማሳየት ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ሰፈራችን ውስጥ ስላለ አንድ እንጀራ ቤት ነው። በሥራዬ ውስጥ ይህን ያህል ያስተማረኝ ጉዳይ የለም።

ቤቱን ስድስት ሴቶች በማኅበር ይሠሩበታል። ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች እንጀራ ያቀርባሉ። መብራት ስለሚቆራረጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ መተማመን አልቻሉም። ስለዚህ ሦስት የእንጨት ምድጃ አላቸው። ማገዶው ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይነድዳል፣ ምጣዱንም ቶሎ ያግለዋል። ጭሱ ግን ዓይን አያስገልጥም።

የማኅበሩን ሰብሳቢ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። አንድ ቀን እንጀራ ልገዛ ስገባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «አምና ሁለተኛ መስኮት አስከፈትን። ብር አወጣንበት። ግን ይኸው ነው፤ እንዲያውም ከሰዓት ከሰዓት ጭሱ ዞሮ ፊታችን ላይ ይመጣል» አሉኝ።

መስኮት ተጨምሮ ጭስ እንዴት ይብሳል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ነገሩ ደግሞ የዓይን ማቃጠል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2020 ዓ.ም. ቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሳሰለው ጭስ የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እነዚህ እናቶች ጭሱ ውስጥ የሚቆሙት ቀኑን ሙሉ ነው።

ቤቱ ወደ ቁጥር ሲቀየር

በማግስቱ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ቤቱ 7 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድ፣ 3 ሜትር ከፍታ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ሦስቱ ምጣዶች የኋላውን ግድግዳ ተከትለው ተደርድረዋል። ከመካከለኛው በላይ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አለ። በሩና አሮጌው መስኮት ከፊት ናቸው። አምና የተከፈተው መስኮት በጦሳ ተራራ በኩል፣ በስተ ምዕራብ ባለው ጠባብ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ ከጣሪያው ሥር ነው።

ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት። ለስሌቱ የተጠቀምኩት ኦፕንፎምን ነው። ከ2004 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ የፍሰት ማስያ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤቱን በትንንሽ ኩቦች ትከፋፍለዋለህ። ከዚያ በየኩቡ አየሩ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ግፊቱና ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ያሰላል። ኩቦቹን 5 ሴንቲ ሜትር አደረግኳቸው። ወደ 670 ሺህ ኩብ ወጣ። ለፍጥነት ሦስት ቁጥር፣ ለግፊት አንድ፣ ለሙቀት አንድ። ለአንድ ቅጽበት ብቻ ወደ 3.4 ሚሊዮን ቁጥር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የደሴ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ምሳሌ ላይ የሚያስቀምጡት የአየር ክብደት የባሕር ጠለል ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም አካባቢ። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህን ሳላስተካክል ብጀምር ኖሮ ሌላ ከተማ ላይ ያለ እንጀራ ቤት ነበር የማሰላው።

ላፕቶፔ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ቁጥሩ ሞልቷል። ቁጥር ግን ለእትዬ ምን ይነግራቸዋል? ለእኔስ?

ጃርቱና ዳቦው

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን ነው። በየኩቡ ላይ አንድ ቀስት ማስቀመጥ። የቀስቱ ጫፍ የአየሩን አቅጣጫ፣ ርዝመቱ ፍጥነቱን ይናገራል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ግሩም ነው፤ የነፋስ ካርታ በዚህ ነው የሚሣለው። ሦስት ገጽታ ባለው ቤት ውስጥ ግን የፊቱ ቀስት የኋላውን ይጋርደዋል። ወደ አንተ የሚመጣ ቀስት ደግሞ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በሙያችን ይህን ስዕል «ጃርት» እንለዋለን፤ እውነትም ጃርት ነው የሚመስለው። ቀስቶቹን ቀነስኩ፣ አሳሳሁ። አሁንም ምንም አልገባኝም።

ቀጥሎ ቤቱን እንደ ዳቦ ቆረስኩት። መካከለኛው ምጣድና ጭስ ማውጫው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ወሰድኩ። ፍጥነቱን በቀለም ቀባሁ። ስዕሉን ታብሌት ላይ ይዤ ወደ እትዬ ሄድኩ። ቀለሙ የቀስተ ደመና ነበር፤ ከሰማያዊ በአረንጓዴና በቢጫ አልፎ ወደ ቀይ የሚሄደው። እትዬ ጣታቸውን ቢጫው ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ ምን አለ? ግድግዳ የለንም እኮ» አሉ።

ምንም አልነበረም። ፍጥነቱ እዚያ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው። ዓይናችን ግን ቢጫን ከሌሎቹ አጉልቶ ያያል። ስለዚህ በቁጥሩ ውስጥ የሌለ ድንበር ስዕሉ ላይ ይፈጠራል። ይህ የታወቀ ጥፋት ነው። ተመራማሪዎች ስንት ዓመት ጮኸውበታል። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን ፕሮግራሙ ያቀረበልኝን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ከጨለማ ወደ ብርሃን በእኩል ደረጃ የሚሄድ ቀለም ብቻ ነው የምጠቀመው። የማያምን ሰው ስዕሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያትመው። ደረጃው ሳይዛባ ከቀረ ቀለሙ ጥሩ ነው።

የቁራጩ ሌላው ችግር የከፋ ነበር። ቁራጩ ላይ የፍሰት መስመር ስስል ከጭስ ማውጫው ሥር አንድ የሚያምር አዙሪት ታየኝ። ደስ አለኝ፤ «አገኘሁት!» አልኩ። አዙሪቱ ግን አልነበረም። ፕሮግራሙ ቁራጩን አቋርጦ የሚያልፈውን የፍጥነት ክፍል ጥሎ፣ የቀረውን ብቻ ነበር የሳለልኝ። አየሩ በእውነት የሚሄደው ወደ ጎን ነበር፤ ከአንደኛው ምጣድ ወደ ሦስተኛው። እኔ ደግሞ ጎኑን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ቁራጭ ላይ ለቀለም እሺ። ቁራጭ ላይ መስመር የሚስል ሰው ግን ይጠንቀቅ።

«ይሄንንማ በየቀኑ እናየዋለን»

ከዚያ ቮልዩም ሬንደሪንግ ወደሚባለው ዘዴ ሄድኩ። በ1988 ማርክ ሌቮይን ጨምሮ የተለያዩ ሰዎች ያወጡት ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩ ከዓይንህ ተነስቶ በየፒክስሉ አንድ ጨረር ወደ ቤቱ ውስጥ ይልካል። ጨረሩ በሚያልፍበት ኩብ ሁሉ ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ ይደምራል። ውጤቱ ቁርጥ ጭስ ነው። ጣሪያው ሥር ይጠቁራል፣ ወደ በሩ ይሳሳል፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲመታው ይታያል። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። እንደዚህ የሚያምር ስዕል ሠርቼ አላውቅም።

እትዬ አዩት። ፈገግ አሉ። «ማሻአላህ፣ ልክ ነው። ግን ልጄ፣ ይሄንንማ በየቀኑ እናየዋለን።»

ይህች ንግግር ሥራውን ሁሉ ለወጠችው። ጭሱ የት እንዳለ እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የማያውቁት ከየት እንደመጣ ነው። ፊታቸው ላይ የሚደርሰው ጭስ የየትኛው ምጣድ ነው? በየት በኩል ዞሮ ነው? ቮልዩም ሬንደሪንግ ይህን መመለስ አይችልም፤ የሁሉንም ጭስ አንድ ላይ ደባልቆ ነው የሚያሳየው። መንገድ የሚያሳየው መስመር ነው።

መስመሩና የእኔ ስህተት

የፍሰት መስመር አሳሳሉ ለመረዳት ከባድ አይደለም። አንዲት ላባ አየሩ ውስጥ ትጥላለህ እንበል። ባለችበት ቦታ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ከኩቦቹ ታነባለህ፣ ትንሽ ታራምዳታለህ፣ እንደገና ታነባለህ። ጥያቄው ላባዋን የት እንጥላት ነው። እኔ መጀመሪያ ቤቱን ሙሉ በእኩል ርቀት ዘራኋት። አንድ ሺህ መስመር ወጣ። የተበተነ ፀጉር መሰለ። ከዚያ እትዬ ጠይቀውኝ እንደነበረው አደረግኩ፤ ላባዎቹን ከሦስቱ ምድጃዎች አፍ ብቻ አስነሳኋቸው። ለእያንዳንዱ ምድጃ አንድ ቀለም። በአንዴ ሠላሳ መስመር ብቻ። ወዲያው ነገሩ መታየት ጀመረ።

መስመሩን ታብሌት ላይ በጣት እያዞሩ ማየት እንዲቻል የሚያራምደውን ኮድ ራሴ ነበር የጻፍኩት። በጣም ቀላሉን መንገድ፣ የኦይለርን፣ ተጠቀምኩ። አቅጣጫውን አንብብ፣ በቀጥታ ተራመድ፣ በቃ። በስዕሉ መሠረት የሦስተኛው ምጣድ ጭስ በስተ ምሥራቅ ባለው ግድግዳ አጠገብ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞርና እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ በበሩ ይወጣል። ለእትዬም «አብሽሩ፣ ሦስተኛው እንኳ በበሩ ይወጣል፤ የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው» አልኳቸው።

ሦስተኛው ምጣድ ላይ የምትጋግረው ልጅ ሰማችና ቀና አለች። «በበሩ? እሱማ አይወጣም። እኔ ላይ ነው የሚያድረው» አለች። ድምፅዋ በጭስ ጎርንኗል። አፍሬ ቤቴ ገባሁ።

ስህተቱ የእኔ ኮድ ነበር። በሚዞር አየር ውስጥ በቀጥታ መራመድ ማለት ሁልጊዜ ከክቡ በትንሹ ወደ ውጭ መውጣት ማለት ነው። አስላው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የዙሩን 0.1 ራዲያን (5.7 ዲግሪ ገደማ) ብትሄድ ክቡ በግማሽ ፐርሰንት ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ሙሉ ዙር ግን 63 እርምጃ ገደማ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ክቡ 37 በመቶ ሰፍቷል! ታስሮ የሚሽከረከር ጭስ በስዕሌ ላይ ነፃ ወጥቶ ነበር። ካርል ሩንገና ቪልሄልም ኩታ ከመቶ ዓመት በፊት ያበጁት ዘዴ ይህን ይፈታል። በአንድ እርምጃ ውስጥ አቅጣጫውን አራት ቦታ አንብቦ ያማክላል። በዚያው እርምጃ ስሠራው ክቡ ክብ ሆኖ ቀረ። ጭሱም ልጅቷ እንዳለችው እዚያው ሲዞር ዋለ። የታወቁት ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ፓራቪው፣ ይህን ዘዴ በውስጣቸው ይዘዋል። ራሱ የሚጽፍ ሰው ግን ክብ ላይ ሳይፈትን ለሰው አያሳይ።

ሌላም ማስተካከያ አስፈለገ። ቀጭን መስመር ገጽ ስለሌለው ብርሃን አይቀበልም፤ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ አይለይም። መስመሮቹን ቀጫጭን ቱቦ አደረግኳቸውና ብርሃን ሰጠኋቸው። ዙሪያቸውንም በጥቁር ጠርዝ ከበብኳቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ሲያልፍ ጠርዙ የኋላውን ይቆርጠዋል። ያኔ ጥልቀት መጣ።

ከሰዓት ለምን ይብሳል?

እስካሁን ያሰላሁት ነፋሱ የማይለወጥበትን ሁኔታ ነበር። በእንዲህ ያለ ፍሰት ውስጥ ሦስት ዓይነት መስመሮች አንድ ይሆናሉ። ነፋሱ ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። ስትሪምላይን የአንዲት ቅጽበት ፎቶ ነው። ፓዝላይን አንዲት ላባ የሄደችበት ዱካ ነው። ስትሪክላይን ደግሞ ከአንድ ቦታ ተከታትለው የተነሱ ላባዎች ሁሉ አሁን ያሉበት ሰልፍ ነው። የሲጋራ ጭስ፣ የዕጣን ጭስ፣ የእንጀራ ቤት ጭስ፣ ሁሉም ስትሪክላይን ናቸው።

ስለዚህ ከጦሳ በኩል ከሰዓት የሚመጣውን ነፋስ እየጎላና እየደከመ እንዲገባ አድርጌ እንደገና አሰላሁ። ሁለት ደቂቃ ፍሰት፣ በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ቅጂ። 240 ቅጂ፣ ከ800 ሚሊዮን በላይ ቁጥር፣ ከ3 ጊጋ ባይት በላይ። ከየምድጃው በየጊዜው ላባ እየለቀቅኩ በዕድሜያቸው ቀለም ቀባኋቸው። አሁን የተነሳው ደማቅ፣ የቆየው ደብዛዛ።

ታሪኩ ፊት ለፊት ወጣ። ነፋሱ በአዲሱ መስኮት ይገባል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ነፋሱ እዚያ የተከማቸውን ጭስ በጣሪያው ሥር እየገፋ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ያሻግረዋል። ጭስ ማውጫውን አልፎ ይሄዳል፤ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። ምሥራቁን ግድግዳ ይመታል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በሰው ፊት ከፍታ ተመልሶ ወደ ምድጃዎቹ ይመጣል። ሦስተኛዋ ምጣድ ጋ ያለችው ልጅ የምትተነፍሰው የራሷን ምድጃ ጭስ ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ደብዛዛ ቀለም ያለው፣ ከአንደኛውና ከመካከለኛው ተነስቶ ቤቱን የዞረ ጭስ ነበር።

አዙሪቱን ብቻ ለይቶ ለማውጣት ኪው የተባለውን መለኪያም ሞከርኩ። አየሩ ከመለጠጡ መሽከርከሩ የሚበልጥበትን ቦታ ይለያል፤ ሃንት፣ ሬይና ሞይን በ1988 ያቀረቡት ነው። አንድ ወፍራም ጥቅልል ምሥራቁ ግድግዳ ሥር ታየ። ወሰኑን ትንሽ ስለውጠው ግን ጥቅልሉ ይበጣጠሳል። ለራሴ ማረጋገጫ ሆነኝ፣ ለእትዬ አላሳየሁም።

በዕጣን መፈተን

ኮምፒውተር የሚያሳየውን ከማመኔ በፊት ቤቱን ራሱን መጠየቅ ፈለግኩ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ውሃ ውስጥ ቀለም ለቅቆ ፍሰቱን በዓይኑ አይቷል። እኛ ደግሞ ዕጣን አለን። ምድጃዎቹን በቅጠል ፈንታ በደረቅ እንጨት አነደድን፤ ጭሱ እንዲቀንስና ዕጣኑ እንዲታይ። እትዬ የቡናውን ማጨሻ ይዘው እኔ በምጠቁማቸው ቦታ ቆሙ። እኔ በስልክ ቀረጽኩ።

አምስት ቦታ ሞከርን። አራቱ ላይ የዕጣኑ ጭስ ስዕሉ እንዳለው ሄደ። ከግድግዳው ሥር ተነስቶ ወደ ምጣዱ ሲጠመዘዝ ልጆቹ ጮኹ። አምስተኛው ቦታ ላይ፣ በምሥራቅ የኋላ ጥግ፣ ስዕሉ «ይወርዳል» ሲል ዕጣኑ ሽቅብ ሄዶ ጠፋ። ግራ ገባኝ። እትዬ ግን ቀና ብለው አዩና «እዚያ ጋ እኮ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር አልገጠመም። ወፍ ትገባበታለች» አሉኝ።

ሜትር ይዤ ስለካ ያላየሁት ክፍተት ነው። ወደ ሞዴሉ ጨመርኩት፣ እንደገና አሰላሁ። አምስተኛውም ገጠመ። መፍትሔውንም ያመላከተን ያ ክፍተት ነው። ነፋሱ ከጦሳ ሲመጣ ምሥራቁ ግድግዳ ከነፋስ የተከለለው ጎን ይሆናል፤ በዚያ በኩል ግፊቱ ይቀንሳል። የቤቱ ጭስ ራሱ መውጫውን ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ጠበበው እንጂ።

ሦስት ነገር አደረግን። አዲሱን መስኮት በጣውላ ዘጋነው። የወፏን ክፍተት አስፍተን ከላዩ ዝናብ የሚከላከል ቆርቆሮ ሠራንለት። ከአሮጌው መስኮት ሥር፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከፈትን። ግንበኛው መስኮት ልናስዘጋ መሆኑን ሲሰማ «ጭስ አለ እያላችሁ መስኮት ትዘጋላችሁ?» ብሎ ተከራከረ። እትዬ ታብሌቱን ተቀብለውኝ አሳዩት። ደማቁ መስመር የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚዞር፣ ማን ፊት ላይ እንደሚያርፍ በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱት። ከእኔ የተሻለ ነበር ያስረዱት። ሰውዬው ዝም ብሎ መዶሻውን አነሳ።

አሁን ከሰዓት ስገባ የቤቱ ላይኛው ክፍል አሁንም ይጨሳል፣ ከአንገት በታች ግን ሰው ይታያል። ሦስተኛው ምጣድ ያለችው ልጅ ሻሿን ከአፏ አውርዳ እያወራች ትጋግራለች። ነፋስ የሌለበት ቀን ሲሆን መሻሻሉ ያንሳል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ በጭስ ማውጫው ላይ ይወድቃል፣ እሱ ደግሞ ከአንድ ምጣድ በላይ ብቻ ነው ያለው። ባለፈው እሁድ እትዬ ጠርተውኝ አንደኛውን ምጣድ ወደ መካከለኛው ብናስጠጋው ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ምጣዱን በሞዴሉ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር አስጠግቼዋለሁ። ላፕቶፑ ይህን ስጽፍ እያሰላ ነው።